አበጋርን የረገጠ እግር

ጀሚል ጠዋት ከቤት ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆም ይላል። የቀኝ ጫማውን ጫፍ ደረጃው ድንጋይ ላይ ያሳርፍና አንዴ ጫን ያደርጋል። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ትንሽ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። እሱ በሚኖርበት የኮምቦልቻ ግቢ አዲስ የገባ ተከራይ ሁሉ ሲጋራ የሚያጠፋ ይመስለዋል። ጀሚል ግን ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። ሚስቱ ሳሊሃ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ታየዋለች። ምን እያደረግህ ነው ብላ ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም ዞር ብሎ አያያትም።

ቀን ቀን አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽኖች ይጠግናል። ማሽኖቹ ሲነሱ አዳራሹ ጦር የገጠመ ይመስላል፤ እዚያ ብዙ የቆየ ሰው ቤቱ ገብቶም እየጮኸ ነው የሚያወራው። ጀሚል ግን ድምፁ ዝግ ያለ ነው። «ፋብሪካው በኔ ፈንታ ይጮሃል» ይላል። የሠርግ ወራት ሲደርስ ጊታሩን አንግቶ ከጓደኛው ከጸጋው ጋር ይወጣል። ጸጋው ኪቦርድ ይጫወታል፤ ኩኩ የምትባል ድምፀ መረዋ ትዘፍንላቸዋለች። በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ያልተጫወቱበት ዳስ የለም ማለት ይቻላል።

ጊታር የሚመታ ሰው እግሩም ሥራ አለው። ጀሚል ስድስት ፔዳሎች ነበሩት። ፔዳል በእግር የሚረገጥ፣ ከጡብ ያነሰ የብረት ሳጥን ነው። አንዱ የክሩን ድምፅ ያሻክረዋል፤ አንዱ ኤኮ ይጨምርለታል፤ አንዱ ለቅሶ እንደያዘው ጉሮሮ ያንቀጠቅጠዋል። ከትዝታ ወደ ጭፈራ ለመዞር ሁለቱን አጥፍቶ ሦስቱን ማብራት አለበት፤ ያውም ዘፈኑ ሳይቋረጥ። ጸጋው ይስቅበት ነበር። «ቦርከና ሞልቶ፣ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠ የሚሻገር ሰው ትመስላለህ» ይለው ነበር።

ይህ ሳቅ ቢስቲማ ላይ ቀረ።

ከጦርነቱ በፊት ነው። ቢስቲማ አንድ ሠርግ ላይ ከሰዓት በኋላ ሰዉ ጠግቦ፣ ጭፈራው ደምቆ ሳለ ከወንዶቹ አንዱ «ፉከራ! ፉከራ ይመታልን!» ብሎ ጮኸ። ለፉከራ ጀሚል የሚያሻክረውን ፔዳል ይረግጣል፤ ኤኮውን ይረግጣል፤ ድምፁን የሚያጎላውን ይረግጣል። ያኔ ጊታሩ ጊታርነቱ ይቀርና ከገደል ወዲያ የሚጣራ ሰው ይሆናል። ሦስቱን ረገጠ። አብዱልወሀብ የሚባል ጎልማሳ ዱላውን እያሽከረከረ ከመሀል ዘለለ።

«ይዋል ይደር እንጂ ደም አይበሰብስም፣
ወንድሙ የሞተ ነጭ ጋቢ አይለብስም!»

ግጥሙን ሲጨርስ ዱላው ሙዓዊያ ላይ ተቀስሮ ነበር። ሙዓዊያ የድንበር ጎረቤቱ ነው፤ ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ የመስኖ ቦይ ሰበብ ከተኳረፉ ቆይተዋል።

«ተደብቆ ውሃ ከመስረቅ በቀር ምን ታውቃለህ?» አለው አብዱልወሀብ። «ወንድ ከሆንክ በፀሐይ ና! ቀሚስ ላምጣልህ ወይ?»

ዳሱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ጊታሩ ከኋላ ያጓራል። ሙዓዊያ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ሽጉጡን አወጣና ተኮሰ።

ጥይቱ አብዱልወሀብን አንገቱ ሥር አገኘው። በሁለት እጁ አንገቱን ያዘ፤ ደሙ ግን በጣቶቹ መሀል እየፈነጠቀ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ሴቶች ሻሽ አቀላው። አፉን ከፈተ፤ ቃል ሳይሆን ደም ወጣ። ጀሚል እጁን ከጊታሩ ላይ አንስቷል። ጊታሩ ግን አልቆመም። እንዲህ ያለው ድምፅ ከስፒከሩ ጋር አንዴ ከተያያዘ ማንም ሳይነካው ራሱን እያቀጣጠለ ይጮሃል፤ ዝም ለማሰኘት ሦስቱም ፔዳሎች መጥፋት አለባቸው። የጀሚል እግር ይንቀጠቀጣል። አንዱን ሲያጠፋ ሌላውን ያበራል። አብዱልወሀብ አፈር ላይ እየተንፈራገጠ ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ ጊታሩ በላዩ ላይ እንደፎከረ ነበር። በመጨረሻ ጸጋው ዘሎ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለው።

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ጀሚል «ሰውዬው መጨረሻ የሰማው የኔን እግር ነው» አለ።

«ተው እንግዲህ» አለው ጸጋው። «የተኮሰው ሙዓዊያ ነው።»

«እሱማ ተኮሰ። እኔ ግን ዝም ማሰኘት አቃተኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ይመኝ ጀመር፤ ሁሉንም በአንድ ርግጫ ዝም የሚያሰኝ ነገር። እንዲህ ያለ ዕቃ እንዳለ ከስልኩ ላይ አየ። እህቱ ራቢያ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ደወለላት።

«ምን አልከኝ? ስዊቸር? የመብራት ነው?»

«ሉፕ ስዊቸር ነው የሚባለው። የፔዳሎች ማዘዣ።»

«ወላሂ አንተ ሰውዬ! ሰው ከዓረብ አገር ወርቅ ያስልካል፣ አንተ ብረት! በል አብሽር፣ እፈልግልሃለሁ።»

አንድ ፊሊፒኖ ሙዚቀኛ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ሲሸጥ አግኝታ ላከችለት። ክንድ የሚያህል ጥቁር የብረት ሳጥን ነው፤ ከላዩ አራት ቁልፎች ተደርድረዋል። ፔዳሎቹ እርስ በርስ መያያዛቸው ይቀርና እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ገመድ ሳጥኑ ላይ ይሰካሉ። ሳጥኑ የነገሩትን አይረሳም። ይህ ቁልፍ ሲረገጥ እነ እገሌ ይከፈቱ፣ እነ እገሌ ይዘጉ ተብሎ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ከዚያ በኋላ አንዴ ሲረግጡት ውስጡ «ቀጭ» ይልና ስድስቱም ባንዴ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ጀሚል ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ፕላስተር ለጥፎ በእስክሪብቶ ጻፈበት፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ ፉከራ፣ አዛን።

አዛን ያለው ሁሉንም የሚዘጋውን ነው። ወሎ ውስጥ ሠርግ ቤት አዛን ከተሰማ ሙዚቃ ይቆማል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን ሳይነገረው ያውቃል። ጀሚል ቁልፎቹን ሲያዘጋጅ ከሁሉም አስቀድሞ የጀመረው በዚህ ነው። ጊታሩን እያስጮኸ ይረግጠዋል፤ ቀጭ፤ ጸጥታ። ደግሞ ያስጮኸዋል፤ ቀጭ፤ ጸጥታ። ሳሊሃ ከጓዳ ሆና «ዛሬስ ምን ጣፍጦህ ነው?» ስትለው «ዝምታው» አላት።

ስሙን ያወጣለት ጸጋው ነው። ወሎ ውስጥ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ ሽማግሌ አበጋር ይባላል፤ አበጋር መሀል ከገባ ጥይት አይተኮስም፣ አበጋርን የነካ ደግሞ ከሰው አይቆጠርም። ጸጋው ስድስቱ ፔዳሎች በአንድ ርግጫ ሲታዘዙ አየና «እነዚህን ደመኞች ማን አስታረቃቸው? ይሄስ አበጋር ነው!» አለ። ስሙ ጸና።

ጦርነቱ መጥቶ አለፈ። መሣሪያ ያልነበረው ቤት ሁሉ መሣሪያ አገኘ። ሙዓዊያ በአመክሮ ከወህኒ ወጣ፤ የአብዱልወሀብ ታናሽ ወንድም ተውፊቅ ደግሞ በቤቱ በር በኩል ማለፍ አበዛ። ሙዓዊያ ቢስቲማን ትቶ ገራዶ ዘመዶቹ ዘንድ ገባ፤ ተውፊቅም ወደ ገራዶ መመላለስ ጀመረ። ደሙ አልበሰበሰም።

ሸህ መሕሙድ የሚባሉ አበጋር መሀል ገቡ። ከዚህ ቤት ሲመረቁ፣ ከዚያ ቤት ሲረገሙ፣ ደግሞ ሲለምኑ ብዙ ከረሙ። በመጨረሻ ተስማሙ። የሙዓዊያ እህት ኢስራ ለተውፊቅ ታናሽ ወንድም ትዳር፤ ሠርጉ ገራዶ ይሁን፤ መሣሪያ ሁሉ ሸሁ ቤት ይቀመጥ፤ ተውፊቅም የሐዘን ልብሱን አውልቆ ሸሁ በእጃቸው ያለበሱትን ነጭ ጋቢ ይልበስ። ከዚያ ሸሁ ሙዚቀኞቹን አስጠሩ።

«ደሙ ሲፈስ የነበራችሁ እናንተ ናችሁ» አሏቸው። «ሲደርቅም ልትኖሩ ይገባል። ሚስቶቻችሁም ይምጡ፤ ምስክር ሲበዛ ጥሩ ነው።»

ከዚያ ዓይናቸው ጀሚል በጨርቅ ጠቅልሎ የያዘው ሳጥን ላይ አረፈ። «ይሄ ምንድን ነው?»

ጀሚል አቀረቀረ። ጸጋው ነው የመለሰው። «ሸህዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን እንጂ... አበጋር ነው የምንለው።»

«ምን?»

«ስድስቱን የሚያስታርቀው እሱ ስለሆነ ነው፣ ሸህዬ።»

«በምን ነው የምታዝዙት?»

«በእግር።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንግዲህ እኔን ነው የምትረግጡኝ! በል ጀሚል፣ ቀስ ብለህ ርገጠኝ።» ሳቃቸው ሲበርድ ግን ጣታቸውን አነሱ። «ፉከራ የሚባል ነገር ጆሮዬ እንዳይሰማ። የተውፊቅ ልብ ገና ቅርፊት ነው የያዘው። ያን ድምፅ ከሰማ ይፈነዳል። ከፈነዳ ደግሞ የሙዓዊያ ዘመዶች ዝም አይሉም፤ ከዳሱ ስንት ሬሳ እንደሚወጣ አላህ ይወቀው።»

«አብሽሩ፣ ሸህዬ» አለ ጀሚል። «በእግሬም አልደርስበት።»

ቤቱ ገብቶ ፉከራን ከሦስተኛው ቁልፍ አነሳው። ጨርሶ ሊያጠፋው ነበር፤ አልሆነለትም፤ ያን ድምፅ ለማስተካከል ብዙ ደክሟል፤ ሌላ ሠርግም ይመጣል። ሳጥኑ እንደ መጽሐፍ ሁለተኛ ገጽ አለው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ቁልፍ አብረው ሲረገጡ ይገለጣል። ፉከራን እዚያ፣ ከሁለተኛው ገጽ አራተኛ ቁልፍ ላይ ደበቀው። ሁለት ቁልፍ አብሮ የሚረግጥ ማን አለ? ፕላስተሩን ላጠው፤ ልቡም አረፈ።

የሠርጉ ዕለት ሳሊሃ ከኮምቦልቻ ገበያ የገዛችለትን አዲስ ጫማ አድርጎ ወጣ። አሮጌው ተቀዶ ነበርና «ሰው ፊት በዚህ አትቆምም» ብላው ነው። ጸጋው ከሩቅ አይቶ ጀመረው።

«ይሄ ጫማ ነው ጀልባ?»

«ሳሊሃ ናት የገዛችልኝ» አለ ጀሚል፣ ኮራ ብሎ።

«ባሏ ዓባይን የሚሻገር መስሏት ነው!»

ሳሊሃም ሳቀች። ገራዶ እስኪደርሱ እየተሳሳቁ ሄዱ።

ዳሱ ሁለት ጎን ነበረው። በቀኝ የተውፊቅ ወገኖች፣ በግራ የሙዓዊያ፤ መሀል ሸሁና ሌሎቹ ሽማግሌዎች እንደ አጥር ተቀምጠዋል። ተውፊቅ ነጩን ጋቢ እስከ አገጩ ተከናንቦ ምሰሶው ሥር ነው። ማንም አላየም እንጂ ከጋቢው ሥር ሽጉጥ ነበረው። ሙዓዊያ በተቃራኒው ምሰሶ ሥር አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፤ ግን የብርጭቆ ኳኳታ በሰማ ቁጥር ሁሉም ዓይኑን ይሰዳል።

ኩኩ ለስላሳ ዘፈን አወረደች። ጀሚል ትዝታን ረግጧል፤ ጊታሩ እያንጎራጎረ ነው። የአንዳንዱ ትከሻ ላላ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ የተውፊቅ አጎት ለአንድ የሙዓዊያ አጎት ውሃ ሲያቀብል ጀሚል አየ፤ ሸሁም አይተው ኖሮ ጺማቸውን ዳበሱ።

የቀትሩ የዙህር አዛን ከመስጊዱ ተነሳ። «አላሁ አክበር...»

ኩኩ ማይኩን ዝቅ አደረገች። ጸጋው እጁን አነሳ። ጀሚል አዛንን ረገጠ። እግሩ ሁለቱን ቁልፎች፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን፣ ባንዴ አገኛቸው። ሳጥኑ ቀጭ አለ፤ ገጹ ተገለጠ። ጊታሩ ግን ዝም አላለም፤ የመጨረሻው ክር ገና ያለቅሳል። ጀሚል ያልያዘለት መሰለው። አሁን ጠንከር አድርጎ አራተኛውን ረገጠ።

ፉከራው ፈነዳ።

ሦስቱም ፔዳሎች ባንዴ ተከፍተው፣ ድምፁ ጎልቶና ሻክሮ ከስፒከሩ ወጣ፤ ከአዛኑ ላይ ወጥቶ ዳሱን ሰነጠቀው። ጀሚል ዝም ላሰኘው ብሎ ደግሞ ረገጠ፤ ደግሞ ያው ገጽ፣ ያው ቁልፍ፤ ይብስ አጓራ። ክሮቹን በመዳፉ ሊያፍን ሲሞክር ከኋላው የሸሸ ሰው ገፍትሮት ከነጊታሩ ስፒከሩ ላይ ወደቀ።

ተውፊቅ ከተቀመጠበት ተነስቷል። ዓይኑ ገራዶ አልነበረም፤ ቢስቲማ ነበር። ከቀኝ አንዱ «ወንድሙ የሞተ...!» ብሎ ጀመረ፤ መጨረስ አላስፈለገውም። በርጩማ በአየር ላይ በረረና ሙዓዊያን ግንባሩ ላይ ተረተረው። ሙዓዊያ ደሙን ከዓይኑ ሳይጠርግ የወርዋሪውን ጉሮሮ አነቀ። ጠርሙስ ምሰሶ ላይ ተሰበረ፤ ስባሪው ያንዱን ጉንጭ እስከ ጥርሱ ከፈተው። ውሃ የተቀባበሉት ሁለቱ አጎቶች አፈር ላይ ይንከባለላሉ፤ አንደኛው የሌላውን ጆሮ ነክሶ ይዟል። ሴቶች ጠረጴዛ ሥር ይሳባሉ። ሽማግሌዎቹ ተረገጡ። ከዚህ ሁሉ በላይ ጊታሩ፣ ማንም ሳይነካው፣ ይፎክራል።

ተውፊቅ ሽጉጡን ከጋቢው ሥር አውጥቶ በሰው ላይ እየተረማመደ መጣ። ወደ ሙዓዊያ አልነበረም፤ መጀመሪያ ወደ ድምፁ ነው የመጣው።

«ዝም አሰኘው!» ብሎ ጮኸ። «ዝም አሰኘው ነው የምልህ! ወንድሜን ነው የሚገድለው!»

ጀሚል ከወደቀበት ተነስቶ ቀኝ እግሩን ሳጥኑ ላይ አሳርፎ ነበር። «እሺ፣ እሺ ወንድሜ...» አለ። ተውፊቅ አፈሙዙን ወደ ሳጥኑ ቁልቁል አድርጎ ተኮሰ።

ጥይቱ በጫማው ጎን ገብቶ፣ ሁለት ጣት ቆርጦ፣ ሳጥኑን በስቶ መሬት ገባ። ድምፁ በአንድ ጊዜ ጠፋ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አዛኑ ተሰማ። ሙአዚኑ ምንም ሳያውቅ የመጨረሻውን ቃል እየጎተተ ነበር፤ «ላ ኢላሃ ኢለላህ።» ሰው ሁሉ ባለበት ቀረ። ጉሮሮ ያነቀ እንዳነቀ፣ የነከሰ እንደነከሰ፣ አዳመጠ። ከዚያ እጆች ቀስ በቀስ ላሉ።

ተውፊቅ ግን ሽጉጡን ወደ ሙዓዊያ አዞረ። «ገንዘብ ሰጥተውት ነው!» አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ። «በወንድሜ ደም እንዲያላግጥ ገዝተውት ነው!»

ሸህ መሕሙድ ጥምጣማቸው ወድቆ፣ መላጣቸው አቧራ ለብሶ መሀል ገቡ። አፈሙዙ ደረታቸው ላይ ነው።

«ቆይ» አሉት። «ይጠየቃል። ውሸት ከሆነ እኔን አልፈህ ተኩስ።» ወደ ጀሚል ዞሩ። ጀሚል እግሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጧል፤ ደሙ በጣቶቹ መሀል ይፈስሳል። «ጀሚል፣ በአላህ ፊት ነህ። አውቀህ ነው?»

«ወላሂ አላወቅኩም፣ ሸህዬ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ሁለቱን ባንዴ ረገጥኩ። አንዱን ልረግጥ ብዬ ሁለቱን ረገጥኩ።»

«ያን ሁሉ ዘመን ስትረግጥ ያልሳትክ፣ ዛሬ ለምን ሳትክ?»

ዳሱ በሙሉ ጀሚልን ያያል። ከሴቶቹ ጎን፣ ከመጋረጃው ጥግ፣ ሳሊሃ አፏን በመዳፏ ይዛ ቆማለች። ጀሚል አያት። ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

«እግሬ ሰነፍ ነው፣ ሸህዬ። ድሮም ሰነፍ ነው። ቢስቲማም እሱ ነው ያዋረደኝ።»

ተውፊቅ አፍጥጦ አየው። ሰው ራሱን ለማዳን ሲዋሽ እንዲህ አይልም። አፈሙዙ ከሸሁ ደረት ዝቅ አለ። ሸሁ ጎንበስ ብለው የተበሳውን ሳጥን አነሱ፤ ውስጡ እንደ ተሰበረ ጥርስ ይንኳኳል። ደሙ በእጃቸው ላይ ተንጠባጠበ።

«ይሄን ማን እንደሚሉት ታውቃለህ?» አሉት ተውፊቅን። «አበጋር ነው የሚሉት። አበጋር ገድለሃል፣ ተውፊቅ። እኔን ነው የገደልከኝ።»

ተውፊቅ ሽጉጡን ለቀቀው።

«ሰውም አልሞተ፤ ደምም ፈሰሰ» አሉ ሸሁ፣ ሳጥኑን ለሁሉም እያሳዩ። «ያንተም ወገን ደም አይደለም፣ የሙዓዊያም ወገን ደም አይደለም። የእንግዳ ደም ነው። ለአብዱልወሀብ ይሄ ይብቃ። አሁን ሁሉም ባንድ ሰው አፍ ላይ ነው።» ጀሚል ፊት ተንበረከኩ። «ጀሚል፣ ባለ ደሙ አሁን አንተ ነህ። ቂም ካልክ ሦስተኛ ደም ይጀመራል። አውፍ ብለህ ይቅር ትላለህ?»

ጀሚል ጥርሱን ነክሶ ነበር። በዚያች ቅጽበት ተውፊቅን ይጠላው ነበር፤ ሽጉጡ ቅርብ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር እሱ ያውቃል። ግን ጉንጩ የተከፈተውን ሰው አየ፤ በአንዷ ሴት ነጭ ሻሽ ላይ የተረጨውን ደም አየ፤ ሙሽራዋ ኢስራ ከሚዜዎቿ መሀል ተሸጉጣ አየ።

«አውፍ» አለ። ሦስቴ ይባላልና ሦስቴ አለው። «አውፍ። አውፍ ብያለሁ።»

ያኔ ተውፊቅ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ነጩን ጋቢ ከትከሻው ገፎ ቀደደውና የጀሚልን እግር ማሰር ጀመረ፤ እጁ ግን አልታዘዝ አለው። ሙዓዊያ ግንባሩ እየደማ ተጠግቶ የጨርቁን ሌላ ጫፍ ያዘለት። ሁለቱ ደመኞች አንዲት እግር አሰሩ።

ወደ ደሴ ሆስፒታል የወሰደው ባጃጅ ጠባብ ነበር። ጀሚል በሁለቱ ጭን ላይ ተጋድሟል፤ ራሱ ሙዓዊያ ላይ፣ እግሩ ተውፊቅ ላይ። ሳሊሃ ከሾፌሩ ጎን ተጣብቃለች። የሙዓዊያ ደም እየተንጠባጠበ ተውፊቅ ትከሻ ላይ ይወርዳል። በዳገቱ ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ጀሚል ይጮሃል።

«ቀስ በል አንተ!» አለ ተውፊቅ ሾፌሩን። «ሰው ይዘሃል!»

«ቀስ ካልኩማ ደሙ ያልቃል፣ ጋሼ!»

«ቀስ በል ተባልክ!» አለ ሙዓዊያ። ሁለቱ በአንድ ሐሳብ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጣቶቹ አልዳኑም። ፖሊስ ሲጠይቅ ጀሚል ዳሱ ውስጥ ያለውን ደገመ፤ ተውፊቅ ለሽጉጡ ታስሮ ወጣ። ዕርቁ ጸና። ኢስራ ወልዳለች። ሳጥኑን ሸህ መሕሙድ ወሰዱት፤ ጀሚል እጠግነዋለሁ ቢላቸው «ሬሳ የሚወስደው ዘመዱ ነው» አሉት። ዛሬ ጀሚል በሁለት ፔዳል ብቻ ይጫወታል፤ ፉከራ የሚመታለት የፈለገ ሌላ ይፈልጋል።

ታሪኩን ለምጽፈው ለኔ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ የቢስቲማውን ደምም፣ ተውፊቅን የጠላባትን ያችን ቅጽበትም አልደበቀም። «ይቺን ግን ተዪያት» ያለኝ አንዲት ነገር ብቻ ናት። ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን፣ እሱ ተኝቶ ሳለ፣ ሳሊሃ ጥይት የበሳውን ጫማ ይዛ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ጫማ ሰፊ ሄደች። ቆየት ብሎ ጀሚል በዚያ ሲያልፍ ሰፊው ጠራው። «ያንተ ሚስት ጉድ ናት» አለው። «ቀዳዳውን ድፈንልኝ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ‹እሱን እንደሆነልህ፤ የሶሉን ጎን ግን ላጭልኝ› አለችኝ። ምን ያህል ብላት በጣቷ ለክታ አሳየችኝ።» ጀሚል ጫማውን አገላብጦ አየው። የተላጨው ከአንዱ ቁልፍ እስከ ሌላው ያለውን ያህል ነው። ማንም አልነገራትም፤ ዳሱ ጥግ ቆማ «ሁለቱን ረገጥኩ» ሲል ነው ጥፋቱ እሷ የገዛችው ጫማ ስፋት መሆኑ የገባት። እሷ ማወቋን እሱ እንዳወቀ እስከ ዛሬ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ቆሞ ድንጋዩን ጫን የሚያደርገው ከመጋረጃው ወዲያ እንደምታየው ስለሚያውቅ ነው፤ ጫማው ልክ ሆኗል ለማለት።